አቧራና ቀለም፦ የተሽከርካሪ ቅብ ከብክለት ጋር ያደረገው ረጅም ትግል

ማንኛውም ቀለም ከተቀባበት ሰዓት አንሥቶ እስኪደርቅ ድረስ አንድ የሥጋት ጊዜ አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅቡ ርጥብና ተለጣፊ እንደ መሆኑ መጠን፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ሁሉ፣ አቧራውን፣ የጨርቁን ክር፣ ትንኙን፣ የዘይቱን ጠብታ ተቀብሎ ያስቀራል። በግድግዳ ወይም በአጥር በር ላይ ሲሆን ይህ ጉድፍ እምብዛም አይታይም። እንደ መስተዋት እንዲያበራ በሚፈለገው የመኪና አካል ላይ ግን ከሰናፍጭ ቅንጣት ያነሰች ጉድፍ እንኳ ዐይን ትስባለች። ስለዚህም የተሽከርካሪ ቀለም ቅብ ታሪክ በአመዛኙ ይህን የሥጋት ጊዜ ለማሳጠር የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ የብክለት ነገር ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ቆሻሻው ወደ ቀለሙ የሚገባበት ነው፤ ሁለተኛው ቀለሙ ወደ ቀቢው ሰውነት የሚገባበት ነው። ታላላቅ ፋብሪካዎች ሁለቱን በአንድ መፍትሔ ለመያዝ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። በመኖሪያ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የሚቀባው ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንዱን ሲሸሽ በሌላው ላይ ይወድቃል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ፣ ከሠረገላ ዘመን ጀምሮ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሠረገላ ቀቢዎች ትዕግሥት

ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ከመፈጠሩ በፊት በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ የሠረገላ ቅብ ከፍ ያለ ክብር የነበረው ሙያ ነበር። አንድ የመኳንንት ሠረገላ በመጀመሪያ በተልባ ዘይት የተበጠበጠ የእርሳስ ቀለም ይቀባል፤ ቀጥሎ ወፍራም መሙያ ደጋግሞ ይለበጥበታል፤ ያም ከእሳተ ገሞራ በሚገኝ ቀላልና ሸካራ ድንጋይ በውሃ እየታሸ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም ከዛፍ ሙጫና ከዘይት የተዘጋጀው ቨርኒሽ በድርብርብ ይከተላል። እያንዳንዱ ድርብ ለመድረቅ ቀናት ስለሚፈልግ ሥራው በሙሉ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስድ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች እጅግ የሚፈራው ቨርኒሽ የሚቀባበት ሰዓት ነበር። ሌላው ድርብ ጉድፍ ቢይዝ ታሽቶ ይስተካከላል፤ በመጨረሻው የቨርኒሽ ድርብ ላይ የተቀመጠ አቧራ ግን የሳምንታትን ድካም ያበላሻል። ስለዚህ ደኅና ስም ያለው ሠረገላ ሠሪ ለቨርኒሽ ብቻ የተለየ ክፍል ነበረው። በሩና መስኮቱ ይዘጋል፤ ወለሉ ውሃ ይርከፈከፍበታል፤ ቀቢው ንጹሕ ልብስ ይለብሳል፤ ብሩሾቹም ለሌላ ሥራ አይነኩም። ይህ ሁሉ የሚደረገው ቀለሙ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ነበር። የሠረገላ ቀቢው መሣሪያ ትዕግሥት ነበር፤ አቧራን የሚያሸንፈውም አየሩን ጸጥ በማድረግ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎችም የተቀቡት በዚሁ ሥርዓት ነው። ሠሪዎቻቸው ከሠረገላ ሙያ የመጡ ስለ ነበሩ ሞተሩ ቢለወጥም ብሩሹና ቨርኒሹ አልተለወጡም ነበር።

ጥቁሩ ቀለምና ምድጃው

ይህን ሥርዓት በመጀመሪያ ያጨናነቀው የምርቱ ብዛት ነው። የሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ በ1908 ወጣ፤ በ1913 ደግሞ በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ሥራ ጀመረ። መኪናው በሰዓታት እየተገጣጠመ ቀለሙ ግን ሳምንታት የሚጠብቅ ከሆነ፣ የፋብሪካው ግቢ ቀለማቸው እስኪደርቅ በሚጠብቁ አካላት መሞላቱ የማይቀር ነበር። ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ሞዴል ቲ በጥቁር ቀለም ብቻ መሸጡ በሰፊው የታወቀ ነው። ጥቁሩ ቀለም ሬንጅ የተቀላቀለበት ኢናሜል ሲሆን፣ እንደ ፓራፋንጎ ያሉት የብረት ክፍሎች በቀለም ገንዳ ውስጥ እየተነከሩ ከዚያም በምድጃ እየተጋገሩ ይደርቁ ነበር።

በዚህ ዘዴ የሥጋቱ ጊዜ አጠረ። ብሩሽ ስለ ቀረ ከብሩሽ የሚወጣው ፀጉር ቀረ፤ ምድጃው የተዘጋ ስለ ሆነም የፋብሪካው አቧራ ወደ ርጥቡ ቅብ የሚደርስበት መንገድ ጠበበ። ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን የመኪና አካል የእንጨት አፅም ስለ ነበረው እንደ ፓራፋንጎው በኃይለኛ ሙቀት ሊጋገር አይችልም ነበር። ስለዚህ በእንጨት ላይ ለተሠራው፣ ቀለሙም ጥቁር እንዳይሆን ለሚፈለገው መኪና ሌላ መላ አስፈለገ።

ከባሩድ የተገኘ ቀለም፣ ከጉሮሮ መድኃኒት የተገኘ መርጫ

መላው የተገኘው ካልታሰበ ሥፍራ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጭስ አልባ ባሩድ በብዛት ያመርት ነበር፤ የባሩዱም ዋና ነገር ናይትሮሴሉሎስ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ለዚህ ነገር ሰላማዊ ጥቅም መፈለግ ግድ ሆነ። በ1920 በኒው ጀርሲ ግዛት በፓርሊን በሚገኘው የኩባንያው ተቋም ሠራተኞች አንድ የናይትሮሴሉሎስ ውህድ ሳይታሰብ ቀጥኖ አገኙት። ቀድሞ ናይትሮሴሉሎስ ሲሟሟ እጅግ ስለሚወፍር፣ ለመርጨት እንዲያመች በብዙ ሟሚ ማቅጠን ያስፈልግ ነበር፤ በዚህም የተነሣ ሲደርቅ የሚቀረው ድርብ እጅግ ስስ ይሆን ነበር። አዲሱ ግን ቀጭን ሆኖ ሳለ በውስጡ ብዙ ጠጣር ነገር ይይዛል። ዱፖንት ከጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍልና ከኃላፊው ከቻርልስ ኬተሪንግ ጋር በመተባበር ዱኮ የተባለውን ላከር በ1923 ለገበያ አበቃ። በኦክላንድ መኪናዎች ላይ በታየው ሰማያዊ ቀለም ዝናው ወዲያው ተስፋፋ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ማድረቅ ወደ ሰዓታት ወረደ።

እንዲህ በፍጥነት የሚደርቅ ቀለም ግን በብሩሽ አይቀባም፤ ብሩሹ ተመልሶ ሳይመጣ ይደርቃልና። ስለዚህ ዱኮ ከቀለም መርጫው ጋር አብሮ አደገ። የመርጫው አመጣጥም ሊታወስ የሚገባው ነው። በኦሃዮ ግዛት በቶሌዶ ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም አለን ዴቪልቢስ በ1888 ያቋቋመው ድርጅት የሚሠራው የጉሮሮ በሽተኞችን መድኃኒት ወደ ጉንፋን ወዝ የሚያደቅቅ አነስተኛ መርጫ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ልጁ ቶማስ ይህንኑ ዘዴ ለቀለም እንዲያገለግል አድርጎ ለወጠው። ፈሳሽን ወደ ሰው መተንፈሻ ለማድረስ የተሠራው መሣሪያ እንዲህ የቀቢው ዋና መሣሪያ ሆነ። የዚህም ነገር ትርጉም ኋላ ይታያል።

የማይታየው ጉድፍ

ላከሩና መርጫው የአቧራውን ሥጋት ሲያቀልሉ የራሳቸውን አዲስ ብክለት ይዘው መጡ። የመጀመሪያው ውሃ ነው። ፈጥኖ የሚተን ሟሚ ገጹን ስለሚያቀዘቅዝ፣ አየሩ ርጥበት የበዛበት ሲሆን ውሃ በቅቡ ላይ ይጠልና ነጭ ጭጋግ የመሰለ እድፍ ይተዋል። ሁለተኛው ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ በቱቦ ውስጥ ሲሄድ ደግሞ ይቀዘቅዝና የያዘውን ውሃ ያንጠባጥባል። ከፒስተኑ የሚያመልጥ ዘይትም አብሮት ይጓዛል። የውሃ ማጣሪያው ከኮምፕሬሰሩ ጎን ሳይሆን አየሩ ከቀዘቀዘበት ራቅ ካለ ሥፍራ እንዲገጠም፣ ታንኩም በየጊዜው እንዲፈስስ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛውና ለዘመናችን ቀቢ እጅግ አስቸጋሪው ሲሊኮን ነው። ዳው ኮርኒንግ የተባለው የሲሊኮን አምራች ድርጅት በ1943 ተመሠረተ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ሲሊኮን በመኪና ማወልወያ ሰም ውስጥ እየገባ በየቤቱ ተሠራጨ። ለባለመኪናው መልካም ነገር ነበር፤ በቀላሉ ይለቀለቃል፣ ያበራል፣ ውሃ አያስጠጋም። መኪናው እንደ ገና በሚቀባበት ቀን ግን አዲሱ ቀለም በአንዳንድ ሥፍራ አልያዝ ብሎ ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ባለሙያዎች ይህን ጉድለት የዓሣ ዐይን ይሉታል።

ምክንያቱን ለመረዳት በሳሕን ውሃ ላይ የበርበሬ ዱቄት ነስንሶ በሳሙና የተነከረ ጣት መንካት ይበቃል፤ በርበሬው በአንድ ጊዜ ወደ ዳር ይሸሻል። ፈሳሽ ሁሉ ገጹን የሚወጥር ኃይል አለው፤ ይህም ኃይል ደካማ ከሆነበት ሥፍራ ወደ በረታበት ይፈስሳል። ጣሊያናዊው ካርሎ ማራንጎኒ በ1865 ይህን ክሥተት አጥንቷል። የሲሊኮን የገጽ ውጥረት ከብዙዎቹ ቀለሞች ያነሰ ስለ ሆነ፣ በዐይን የማትታይ ጠብታ እንኳ በዙሪያዋ ያለውን ርጥብ ቀለም ትገፋለች። ከዚህም በላይ ሲሊኮን በብርጭቆ ወረቀት አይወገድም። ሳይታጠብ የታሸ እንደ ሆነ ወረቀቱ በፈጠራቸው ጭረቶች ውስጥ እየተቀበረ ይብሳል። የዓሣ ዐይን ማጥፊያ ተብሎ የሚሸጠው ጠብታም ራሱ የገጹን ውጥረት ሁሉ እኩል ዝቅ የሚያደርግ፣ ብዙ ጊዜም ሲሊኮን ያለበት ነገር ነው። የዛሬውን መኪና ያድናል፤ ነገር ግን በመርጫው፣ በቱቦውና በወለሉ ላይ ቀርቶ የነገውን ሊያበላሽ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ልምድ የተነሣ የማዘጋጀት ሥርዓት ተደነገገ። በመጀመሪያ ውሃና ሳሙና፣ ምክንያቱም ጨውና ጭቃን ሟሚ አያነሣቸውም። ቀጥሎ ሰምና ቅባት የሚያወጣ ሟሚ፣ እርሱም በሁለት ጨርቅ፦ አንዱ ያርሳል፣ ሌላው ንጹሕና ደረቅ የሆነው ሟሚው ሳይተን ይሰበስባል። በአንድ ጨርቅ ብቻ የሚጠርግ ሰው ቅባቱን ከሥፍራ ሥፍራ ያዛውረዋል እንጂ አያስወግደውም። ብርጭቆ ወረቀት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከታሸ በኋላም ጽዳቱ እንደ ገና ይደገማል። ባዶ እጅ የጣት ቅባት ስለሚተው ጓንት ይለበሳል፤ ልዩ ተለጣፊ ጨርቅም የመጨረሻውን አቧራ ያነሣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ሙያም ይሠራል፤ በቅባት ላይ የተረጨ ቀለም መፋቁ አይቀርምና።

ፋብሪካው ሲርቅ፣ ጋራዡ ሲቀር

በ1960ዎቹ ፎርድ በጆርጅ ብሩወር መሪነት አዲስ ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ። የመኪናው አካል በውሃ በተበጠበጠ ቀለም ውስጥ ይነከርና የኤሌክትሪክ ኃይል ቀለሙን ብሩሽም መርጫም ወደማይደርስበት ጉድጓድ ሁሉ ስቦ ያጣብቀዋል። በዘመናችን ፋብሪካ ውስጥ አካሉ በሰጎን ላባ ተሽከርካሪ ብሩሽ አቧራው ይነሣለታል፤ ክር በማይጥል ልብስ የተሸፈነ ሠራተኛ ሲሊኮን ያለበት የፀጉር ቅባት ተቀብቶ እንዳይገባ ይከለከላል፤ የሚረጨውም በአብዛኛው ሮቦት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የነገሩ ቁልፍ የመርጫ ክፍሉ ነው። በደኅና የመርጫ ክፍል ውስጥ አየር በጣሪያው በኩል እየተጣራ ይገባል፤ በመኪናው ዙሪያ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የተረፈውን የቀለም ጉም ይዞ በወለሉ በኩል እየተጣራ ይወጣል። የሠረገላ ቀቢው አየሩን ጸጥ በማድረግ አቧራን አሸነፈ፤ የመርጫ ክፍሉ ደግሞ ንጹሕ አየር ሳያቋርጥ እንዲፈስስ በማድረግ አሸነፈ። በዚሁም አንድ ፍሰት ቅቡ ከአቧራ፣ ቀቢውም ከጉሙ ይጠበቃሉ።

የቤት ጋራዡ ይህ የለውም። ስለዚህ በእጁ ዘመናዊ መርጫና ዘመናዊ ቀለም ይዞ ሳለ ክፍሉን በተመለከተ ወደ ሠረገላ ቀቢው ዘዴ ይመለሳል። በሩን ይዘጋል፣ ግድግዳውን በላስቲክ ይሸፍናል፣ ወለሉን ውሃ ያርከፈክፋል። ዘዴው ከመቶ ዓመት በፊት ትክክል ነበር። ዛሬ ግን በዚያ በተዘጋ በር ውስጥ የሚቀረው የተልባ ዘይት ሽታ ብቻ አይደለም።

ቀለሙ ወደ ሰው ሲገባ

ቀለም ቀቢን መጉዳቱ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሠዓሊዎችን የሚያሳምማቸው በእጃቸው የሚይዙት የእርሳስና የሲናባር ቀለም መሆኑን ገልጦ ነበር። የእርሳስ ቀለም የሚያመጣው የሆድ ቁርጠት በቀቢዎች ዘንድ የታወቀ ደዌ ነበር፤ በ1921 በጄኔቫ የወጣው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነትም ነጭ የእርሳስ ቀለም በሕንፃ ውስጥ ቅብ ላይ እንዳይውል ለመከልከል የታሰበ ነው።

የዛሬው አደጋ ግን ሌላ ነው። በ1937 በጀርመን አገር በሌቨርኩዘን ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ፖሊዩሬቴን የተባለውን ነገር አገኙ። ከዚህ የተወለደው ባለ ሁለት ክፍል ቀለም፣ ማለትም ከማጠንከሪያው ጋር በሚረጭበት ቀን የሚቀላቀለው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመኪና ጥገና ሥራ ተስፋፋ። ያበራል፣ ቤንዚን አይጎዳውም፣ ለዓመታት ይጸናል። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት ነው። ይህ ነገር በጉም መልክ ሲተነፈስ የአንዳንድ ሰዎችን ሳንባ ለዘለቄታው ያስቆጣል፤ አንድ ጊዜ የተቆጣ ሳንባም ከዚያ በኋላ እጅግ ጥቂት በሆነ መጠን እንኳ በአስም ይታፈናል። እንዲህ የሆነበት ቀቢ ሙያውን ለመተው ይገደዳል። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚያስታውቀው፣ የመኪና ቀለም ረጪዎች ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ በአስም የመያዝ ዕድላቸው 80 እጥፍ ያህል ነው።

ጉሙ ሲሳሳ በዐይን አይታይም፤ ሽታውም በጊዜ አያስጠነቅቅም። መርጨቱ ካበቃ በኋላ በደኅና የመርጫ ክፍል ውስጥ አየሩ በደቂቃዎች ይጠራል፤ አየር በማይወጣበት ክፍል ግን ጉሙ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የዚህ ሥራ መከላከያም ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበል ጭንብል እንጂ ተራ የአቧራ መሸፈኛ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ሥራ የታወቀ አንድ ስሕተት አለ፦ ቀቢው መርጨቱን እንደ ጨረሰ ወዲያው ጭንብሉን ገልጦ፣ ፊቱን ወደ ቅቡ አስጠግቶ ሥራውን ይመረምራል። የሚፈልገው ያንኑ የጥንቱን ጠላት፣ ጉድፉን ነው። አቧራውን ሲፈልግ መርዙን ይተነፍሳል። የዴቪልቢስ መሣሪያ መድኃኒትን ወደ ጉሮሮ ባደረሰበት መንገድ ዛሬ አይሶሳያኔት ይሄድበታል።

የአውሮፓ ኅብረት ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ ዳይአይሶሳያኔት ያለበትን ምርት በሙያቸው የሚጠቀሙ ሁሉ አስቀድመው እንዲሠለጥኑ አዟል። ይህ ትእዛዝ ግን የሚናገረው ስለ ኢንዱስትሪና ስለ ባለሙያ ተጠቃሚ ነው። በቤቱ ጋራዥ በሩን ዘግቶ የሚረጨው ሰው ከተቆጣጣሪ ዐይን ውጭ ነው። በዚያም ላይ የቲነር ተን ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ የውሃ ማሞቂያ ነበልባል ወይም የተራ ማራገቢያ ብልጭታ ቢያገኘው ይቀጣጠላል።

የቤት ጋራዡ ምርጫ

ወደ አገራችንም ስንመለከት ይኸው ታሪክ በአጭሩ ይታያል። ስቱኮ፣ ላመራ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ሙያው ከጣሊያኖች እጅ ጋር እንደ ገባ ይመሰክራሉ። ቃላቱና መርጫው ሲመጡ ግን የመርጫ ክፍሉ በየጋራዡ አብሮ አልመጣም። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ የሚረጭ፣ ግቢውን ውሃ አርከፍክፎ በሸራ የሚከልል ባለሙያ ሳያውቀው የሠረገላ ቀቢውን ጥበብ ይደግማል። ጥበቡ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ከአቧራ የሚጠብቀው ቅቡን እንጂ ሰውየውን ከጉሙ አይደለም።

እንግዲህ የመርጫ ክፍል የሌለው ቀቢ ሁለቱን ብክለቶች በአንድነት ሊያሸንፍ እንደማይችል ታሪኩ ያስረዳል። በሩን ቢዘጋ ጉሙ ይቀራል፤ ቢከፍተው አቧራው ይገባል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ምርጫው ትክክለኛ የሚሆነው የሁለቱ ጉዳት ሲመዘን ነው። ባለ ሁለት ክፍል ቀለም የመርጫ ክፍልና የአየር ጭንብል ላለው ይተዋል፤ በቤት የሚሠራው ሰው አይሶሳያኔት በሌለው ቀለም፣ ሟሚውን በሚመጥን መተንፈሻ ተሸፍኖ፣ እሳት ከአካባቢው አርቆ፣ አየሩን ከፍቶ ይሠራል። ጥቂት አቧራ ቢቀመጥበት ቅቡ ከጠና በኋላ በ1500 ወይም በ2000 ቁጥር ወረቀት በውሃ ታሽቶ ይወልወላል፤ የሠረገላ ቀቢዎች በቀላሉ ያላገኙትን ይህን ዕድል የዛሬው ጠንካራ ቅብ ይሰጣል።

በቅቡ ላይ የተቀመጠ ጉድፍ በወረቀት ይነሣል። በሳንባ ውስጥ የተቀመጠውን የሚያነሣ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም።